በመጠጥ የራሰ ድርብርብ ቸኮሌት ለ20 ሰው፦ መጠጡን የት ነው የምትጨምሩት?

ጣፋጭ_ነገር

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ናችሁ። ቅዳሜ ማታ ግብዣ አለን ወደ 20 ሰው ይሆናል፣ ዲዘርቱ እኔ ላይ ነው የወደቀው (ማን ጣለብሽ እንዳትሉኝ፣ አፌን የከፈትኩት ራሴ ነኝ)። ያ ከውጭ ንብርብሩ የሚታይበት ትልቅ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አለኝና እሱን ላወጣው ፈልጌ ነው። ከታች ቸኮሌት ኬክ፣ ኬኩን በቡና ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ማራስ፣ ከላዩ ቸኮሌት ፑዲንግ፣ ከዛ ክሬም፣ ከዛ ደሞ ኬክ እያልኩ እስከ አፉ። እስከዚህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ያየኋቸው አሰራሮች እርስ በርስ አይስማሙም፣ አንዱ መጠጡን ኬኩ ላይ ይላል አንዱ ፑዲንጉ ውስጥ አንዱ ክሬሙ ውስጥ፣ አንዷማ ሶስቱም ውስጥ ስትገለብጥ ነው ያየኋት። የት ነው የሚገባው፣ ስንት ነው የሚገባው፣ ደሞ አርብ ነው ወይስ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምሰራው? እባካችሁ ሰርታችሁት የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ።

የኬክ_እናት

ከመጨረሻው ልነሳልሽ የኔ ልጅ፣ አርብ ነው። ይሄ ዲዘርት በተሰራበት ሰዓት ሲቀመስ መጠጡ ለብቻው አፍ ላይ ይመጣና አፍንጫ ይመታል፣ ኬኩም ላዩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ነው የሚሆነው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ሲያድር ነው ሁሉም የሚዋሃደው። ቅዳሜ የሚቀርሽ የላይኛው ክሬምና ማስጌጫው ብቻ ይሁን።

መጠጡ የት ይግባ ላልሽው ኬኩ ውስጥ። ኬክ ፈሳሽ ይይዛል ስራውም እሱ ነው። ፑዲንግ ግን ቅርጹን የሚይዘው በስታርች ነው፣ ከረጋ በኋላ ፈሳሽ ጨምረሽ ስታማስይው የያዘው ነገር ይሰበርና ይቀጥናል፣ ተመልሶም አይረጋም። ክሬም ደሞ ከሁሉም ይብሳል፣ የተመታ ክሬም ቆሞ የሚታየው ስቡ አየሩን ስለያዘው ነው፣ ፈሳሽ ሲበዛበት ይወርዳል፣ ታች ውሃ ያቆራል። ለ250 ሚሊ ክሬም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሊከር ቢገባ ችግር የለውም፣ እሱም መጨረሻ ላይ ክሬሙ ሊቆም ሲል። ከዛ በላይ ግን ለራስሽ ነው።

ልኩን እንደዚህ ያዢው፣ ለአራት ሊትር ያህል ሳህን ነው፦ ኬክ በ23 በ33 ሴንቲ ትሪ የተጋገረ አንድ። ማራሻው 150 ሚሊ ወፍራም ቡና፣ 100 ግራም ስኳር፣ 120 ሚሊ የቡና ሊከር። ፑዲንግ በአንድ ሊትር ወተት፣ 6 የእንቁላል አስኳል፣ 150 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 40 ግራም ካካዎ ዱቄት፣ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ ቁንጥር ጨው። ክሬም 750 ሚሊ፣ ስቡ 35% የሆነ፣ ከ30 በታች የሆነውን ብትመቺው እስኪነጋ አይቆምልሽም።

ቡናውን ከስኳሩ ጋር በትኩሱ አሟሚው፣ ከዛ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ ነው ሊከሩ። ትኩስ ላይ ካፈሰስሽው ያ ደስ የሚለው ጠረኑ ወጥ ቤቱን ይሞላና ሳህኑ ውስጥ ያነሰ ነው የሚተርፈው።

ሊከር_ቀማሽ

እትዬ የኬክ እናት ያሉት ትክክል ነው ግን ማራሻው ላይ ትንሽ ልጨምር። የቡና ሊከር ራሱ ስኳር የተሞላ ነገር ነው፣ በዛ ላይ 100 ግራም ስኳር፣ በዛ ላይ ፑዲንግ፣ በዛ ላይ ክሬም፣ ሰው ሶስተኛ ማንኪያ ላይ ሳህኑን ይገፋዋል። እኔ ብሆን ስኳሩን ወደ 50 አወርደውና ሊከሩን 80 ሚሊ አርጌ 40 ሚሊ ጥቁር ረም ወይ ብራንዲ እጨምርበታለሁ። ረሙ 40% ነው፣ የቡና ሊከር ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20% ነው፣ የሚሰጡት ነገር ይለያያል፣ ሊከሩ ጣዕም ነው ረሙ ደሞ ያ ጉሮሮ ላይ የሚሞቀው ነገር።

ቡና ካልወደድሽ ቸኮሌት ከብዙ ነገር ጋር ይስማማል። የብርቱካን ሊከር ከጥቁር ቸኮሌት ጋር፣ ከላይ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ ፈቅፍቀሽ፣ በጣም ነው የሚያምረው። አማሬቶ (የለውዝ ጣዕም ያለው ሊከር) ካለሽ የተቆላ ለውዝ በመሃል። ቼሪ የምታገኚ ከሆነ ኪርሽ (ከቼሪ የሚወጣ አልኮል)፣ ያው ብላክ ፎረስት ኬክ ማለት እሱ ነው እኮ ቸኮሌት ክሬም ቼሪና ኪርሽ። ክሬም ያለበት ሊከር (ቤይሊስና መሰሎቹ፣ 17% ናቸው) ግን ለማራሻ አልወደውም፣ ወፍራም ስለሆነ ኬኩ ውስጥ አይገባም ላዩ ላይ ይተኛል። እሱን ፑዲንጉ ላይ ከወተቱ ቀንሰሽ ብታስገቢው ይሻላል።

ደሞ ውድ ጠርሙስ እንዳትከፍቺ። ብዙ ዓመት በርሜል ውስጥ ያደረ ኮኛክ ቸኮሌት ውስጥ ሲገባ ማንም አይለየውም።

ዝም_ብዬ_ነው

120 ሚሊ ለ20 ሰው??? ይሄ ግብዣ ነው ወይስ ጠበል ነው 😂 አንድ ጠርሙስ ረም ገልብጪበት እህቴ ሰው ይጫወት ይደንስ

ነርስ_ነኝ_ባይ

@ዝም_ብዬ_ነው እስቲ እናስላው ቀልዱን ትተን። 700 ሚሊ ረም በ40% ማለት 280 ሚሊ ንጹህ አልኮል ነው፣ በግራም ወደ 220። ለ20 ሲካፈል አንድ ሰው 11 ግራም። አንድ መለኪያ መጠጥ የሚባለው 10 ግራም አካባቢ ነው በብዙ አገር። ስለዚ አንድ ሳህን ዲዘርት አንድ መለኪያ ሆነ ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ የደገመ ሰው ሁለት መለኪያ፣ ከምግቡ ጋር የጠጣው ሳይቆጠር፣ ከዛ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ችግሩ ሰው መጠጥ ሲጠጣ ይቆጥራል ኬክ ሲበላ ግን ማንም አይቆጥርም።

የኬክ እናት ባሉት ልክ ከሆነ ግን 120 ሚሊ በ20% 24 ሚሊ ነው፣ 19 ግራም፣ ለሰው አንድ ግራም አካባቢ ይደርሳል። ሊከር ቀማሽ ባለው ቅይጥ ብትሰሪውም አንድ ግራም ተኩል አይሞላም። እሱ ጣዕም ነው ስካር አይደለም። እዛው ላይ ብትቆሚ ጥሩ ነው።

ዝም_ብዬ_ነው

እሺ ዶክተር 🙏 ግን እኮ አልኮል ይተናል ሲበስል፣ ምን ያጨቃጭቀናል

ነርስ_ነኝ_ባይ

ዶክተር አይደለሁም። ይተናል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል ውሃ በ100፣ እሱን ይዞ ነው ሰው ገና ሲሞቅ ብን ብሎ የሚጠፋ የሚመስለው። ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን እንደዛ ተለይቶ አይወጣም። የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት ያወጣው ሰንጠረዥ አለ፣ የፈላ ነገር ላይ ጨምረሽ ወዲያው ካወረድሽው 85% ይቀራል፣ በእሳት ለኩሰሽ ብታነጅው እንኳን 75% ይቀራል፣ ቀላቅለሽ 15 ደቂቃ ብታንተከትኪው 40%፣ አንድ ሰዓት ቢበስል 25%፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበስል ነው 5% ላይ የሚደርሰው። እዚህ ደሞ ጭራሽ አይበስልም፣ ቀዝቃዛ ቡና ላይ ነው የሚጨመረው። ሳይሞቅ ፍሪጅ ያደረ 70% ይቀራል ይላል ያው ሰንጠረዥ። ስለዚ "በስሏል" ብላችሁ ለሰው እንዳትሰጡ።

ጣፋጭ_ነገር

ውይ ይሄ ጥሩ ሆነ የተነሳው፣ ምክንያቱም ልጆች ይኖራሉ፣ አንዷ ጓደኛዬ እርጉዝ ናት፣ አንድ ዘመዳችን ደሞ መጠጥ ካቆመ ቆይቷል። እና ለነሱ ምን ላርግ? ኬኩን አላራስኩላቸውም ብዬ ደረቁን ልስጣቸው?

የኬክ_እናት

ኧረ በፍጹም! ደረቁን መስጠት ማለት አንተ ከኛ ጋር አይደለህም ማለት ነው። ሁለተኛ ማራሻ አዘጋጂ፣ ያው ወፍራም ቡና፣ ስኳር፣ ቫኒላ፣ ቁንጥር ጨው፣ ከፈለግሽ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ። ለልጆቹ ቡናውን ትተሽ ካካዎ በሙቅ ውሃ በጥብጪና በሱ አርሺው። በስነስርዓት ከተሰራ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው፣ አይቻለሁ።

ነርስ_ነኝ_ባይ

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ መጠጥ ላቆመው ሰው ትንሽ ናት ምንም አትልም የሚባል ነገር የለም፣ ጠረኑ ራሱ ሊከብደው ይችላል፣ ስለዚ የረም ፍሌቨር የሚባለውን ጠብታም እንዳትጨምሪበት፣ ጣዕሙ ያው ረም ነው፣ ብዙዎቹ ደሞ መሰረታቸው አልኮል ነው። የቫኒላ ኤክስትራክትም አልኮል አለው 35% ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ20 ሰው ምንም ማለት ባይሆንም ለሱ የቫኒላ ዱቄት ወይም ፍሬውን ብትጠቀሚ ልብሽ ያርፋል። ለእርጉዟም ያው ነው፣ በእርግዝና ይሄን ያህል ቢሆን ችግር የለውም ተብሎ የታወቀ ልክ የለም።

ሁለተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይኖራል ሳትጠይቂው አይነግርሽም። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሰዎች አልኮል እንዳይነኩ ነው የሚነገራቸው፣ ኬክ ውስጥም ይሁን ብርጭቆ ውስጥ። ስለዚ ጠረጴዛው ላይ "መጠጥ አለው" "መጠጥ የለውም" ብለሽ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ ማንም ራሱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ማንኪያውም ለየብቻ።

ሰነፍ_አብሳይ

ለምን ትልቅ ሳህን ትሰሪያለሽ በብርጭቆ ስሪው። ለሁሉም በነፍስ ወከፍ ብርጭቆ፣ መጠጥ ያለው ላይ የተፋቀ ቸኮሌት፣ የሌለው ላይ እንጆሪ፣ አለቀ። ሳህን በማንኪያ ሲወጣ ሶስተኛው ሰው ላይ ያምራል ያልሽው ንብርብር ፍርስርስ ብሎ ጭቃ ነው የሚሆነው እውነቱን እንነጋገር። ኬኩንም አልጋግርም እኔ፣ የተገዛ ብራውኒ ወይም የቸኮሌት ብስኩት እሰባብርበታለሁ። ፑዲንጉም የፓኬት አለ።

የኬክ_እናት

በብርጭቆው እስማማለሁ ለሁለት ዓይነት ሲሆን። ሳህኑ ግን ጠረጴዛ መሃል ሲቀመጥ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ሁሉ ነው ዞሮ የሚያየው፣ ስለዚ ባለ መጠጡን በሳህኑ ሌላውን በብርጭቆ ብታረጊው ሁለቱም ተገኘ። የተገዛ ኬክም ችግር የለውም፣ አንድ ቀን ያደረ ኬክ እንደውም ከትኩሱ ይሻላል፣ ትኩስ ኬክ ሲርስ ይበታተናል። የፓኬቱ ላይ ግን ዝም ልበል 😄

ጣፋጭ_ነገር

እሺ በቃ ወሰንኩ፣ ሳህኑ ባለ መጠጥ፣ 8 ብርጭቆ ያለመጠጥ። ማራሻው ሊከር ቀማሽ እንዳለው 80 በ40፣ ስኳሩ 50። አርብ ማታ እጀምራለሁ፣ እዚሁ አካባቢ ሁኑልኝ።

ጣፋጭ_ነገር

ኧረ ድረሱልኝ!! አርብ ማታ ነው አሁን። ለፑዲንጉ የሚሆነውን ቸኮሌት በእንፋሎት አቅልጬ አስቀመጥኩት፣ ስልክ ላነሳ ዞር ስል ታናሽ እህቴ "ጣዕም እንዲኖረው" ብላ ሁለት ማንኪያ ሊከር ጠብ አረገችበት፣ አማሰለችው፣ አሁን እርጥብ አሸዋ መስሏል። ሲያብረቀርቅ የነበረው ደፈረሰ፣ ማንኪያው ላይ ተሰብስቦ ተያዘ፣ ዙሪያውን ደሞ ቅባት እየወጣው ነው። 200 ግራም ቸኮሌት ነው እና ሌላ የለኝም። ልጣለው?

የኬክ_እናት

እንዳትጥዪው! አልተበላሸም። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ስኳርና ካካዎ ደረቅ ብናኝ ነው፣ በካካዎ ቅቤው ውስጥ ተንሳፎ ነው የሚኖረው፣ ትንሽ እርጥበት ሲነካው ብናኙ እርስ በርስ ይጣበቃል። ትንሽ ስለሆነ ነው የሚጣበቀው፣ ብዙ ቢሆን ይሟሟ ነበር። ስለዚ መድኃኒቱ መጨመር ነው። ወተት አሙቂ፣ ከአንዱ ሊትር ላይ ቀንሰሽ፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እየጨመርሽ ከመሃል እያዞርሽ አማስዪው። መጀመሪያ ላይ የባሰ ይመስላል፣ አትደንግጪ ቀጥዪ። አራት አምስት ማንኪያ ላይ ስትደርሺ ድንገት ልስልስ ብሎ ይመለሳል።

ለማስታወሻ ያህል፣ ለ60 ግራም ቸኮሌት ቢያንስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ያስፈልጋል እንዳይያዝ ከተፈለገ። 200 ግራም ላይ ሁለት ማንኪያ ስለገባ ነው የተያዘው፣ ያነሰ ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ላይ መጠጥ መጨመር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ክሬም ያስገባበት፣ ማለትም ጋናሽ ያርገው፣ ለብ ሲል ከዛ መጠጡን።

ሊከር_ቀማሽ

እህትሽን እንዳትቆጪያት 😂 ያ ሁለት ማንኪያ ፑዲንጉ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ነው፣ ሊትር ወተት ላይ ምንም አያረገውም። ከማራሻው ላይ ያንኑ ያህል ቀንሺና ይካካሳል። ግን ፑዲንጉ ለብርጭቆዎቹም ነበር አይደል?

ጣፋጭ_ነገር

ተመለሰልኝ!!! አምስተኛው ማንኪያ ላይ ነው ልክ እንዳሉት፣ እትዬ እድሜ ይስጥልኝ። እና አዎ ሊከር ቀማሽ እሱን አላሰብኩትም፣ ፑዲንጉ ለሁለቱም ነበር። እንግዲህ ለብርጭቆዎቹ ሌላ ትንሽ ድስት በካካዎ ብቻ እሰራለሁ፣ ቸኮሌቱ ባይኖረውም።

የኬክ_እናት

በካካዎ ብቻም ያምራል፣ ካካዎውን 20 ግራም ጨምሪና ቅቤ ትንሽ ጣል አርጊበት። ቆይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ፑዲንጉን ስታወርጂው ፈልቶ ነበር ወይስ ወፍሮ ብቻ ነው?

ጣፋጭ_ነገር

ወፍሮ ነው ያወረድኩት፣ እንቁላል ስላለው እንዳይጠብስብኝ ብዬ። ምነው? ማንኪያው ጀርባ ላይ በደንብ ይይዛል እኮ።

የኬክ_እናት

መልሺው እሳት ላይ። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የእንቁላል አስኳል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ስታርች ይበላል። ማታ ወፍሮ ያደረው ፑዲንግ ጠዋት ወተት ሆኖ የሚገኘው በሱ ነው፣ ሰው ግን ፍሪጁን ይረግማል። ኢንዛይሙ የሚሞተው በደንብ ሲፈላ ነው፣ ስለዚ መሃሉ ላይ ትልልቅ አረፋ ፖክ ፖክ ማለት አለበት፣ ከዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳታቋርጪ እያማሰልሽ። እንቁላሉ ይጠበሳል ብለሽ አትፍሪ፣ ስታርች ስላለው አይቋጠርም፣ የሚቋጠረው ስታርች የሌለበት የእንቁላል ክሬም ነው። ቸኮሌቱን ከወረደ በኋላ ነው የምትጨምሪው፣ ገና ካልጨመርሽው።

ጣፋጭ_ነገር

አልጨመርኩትም ተመስገን። መለስኩት፣ ፈላ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አማሰልኩት እጄ ተገነጠለ። አሁን ይበልጥ ወፈረ እንደውም። ቸኮሌቱን ጨምሬ ላዩን በፕላስቲክ ሸፈንኩት፣ ፕላስቲኩ ፑዲንጉን እንዲነካ አድርጌ፣ ቆዳ እንዳያወጣ። ቀጥሎስ?

የኬክ_እናት

ጎበዝ። ይቀዝቅዝ፣ ለብ ያለ እንኳን ከሆነ ክሬሙን ያቀልጠዋል። እስከዛ ኬኩን ወደ 3 ሴንቲ ቁረጪው። ሳህኑ ስር አንድ ረድፍ ደርድሪ፣ መስታወቱ ጋ የሚነካውን ጎን በቢላ ቀጥ አርገሽ ቁረጪ ምክንያቱም የሚታየው እሱ ነው፣ መሃል ያለው ፍርፋሪም ቢሆን ማንም አያየውም።

ማራሻውን አታፍስሺ፣ በማንኪያ ወይም በብሩሽ ነው፣ ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል። በቂ ነው የሚባለው በጣትሽ ጫን ስታረጊው ትንሽ ፈሳሽ ሲያወጣ ነው፣ ከስር ፈሳሽ ካየሽ አልፏል። ታች ያለውን ረድፍ ከላይኛው ያነሰ አርሺው፣ ሌሊት ከላይ የሚወርደው እዛ ነው የሚጠራቀም። ሁሉም ሰው ይሄን ይረሳዋል፣ ከዛ ማታ ሳህኑ ስር የመጠጥ ኩሬ ይገኛል፣ የመጨረሻው ሰው እሱ ይደርሰዋል።

ፑዲንጉን ስታፈሺ ከመስታወቱ ዳር ጀምሪና ወደ መሃል ሙዪው፣ መስመሩ ጥርት ብሎ እንዲታይ። ክሬሙም እንደዛው። ክሬሙን ከመምታትሽ በፊት ሳህኑንም መምቻውንም ፍሪጅ ውስጥ 15 ደቂቃ አስቀምጪ። የመሃሉ ክሬም ትንሽ ጠንከር ይበል ክብደት ስለሚሸከም፣ ማስካርፖኔ (ለስላሳ የክሬም አይብ) ካለሽ 100 ግራም ለ400 ሚሊ ክሬም ጣል ብታረጊበት ሁለት ቀን ይቆማል።

ባለ_ፍሬ

አስተያየት ልስጥ ዘግይቼም ቢሆን፣ ይሄ ሁሉ ቸኮሌት መሃል አንድ ጎምዘዝ ያለ ነገር የግድ ነው ለኔ። ራስበሪ ወይም ቼሪ። ቼሪውን ሌሊት በመጠጡ ነክረሽ ጠዋት አጥልለሽ ማስገባት፣ የተረፈው ፈሳሽ ራሱ ማራሻ ይሆናል። እንጆሪ ተቆርጦ መሃል ከገባ ግን ውሃ ይለቃል፣ ክሬሙን ሮዝ ያረገዋል፣ እሱን ከላይ በመጨረሻ ሰዓት ብቻ። ሙዝማ አታስቡት ይጠቁራል።

ሰነፍ_አብሳይ

ሙዝ ያለው አለ እንዴ 😅

ዝም_ብዬ_ነው

እኔ ላስብ ነበር

ጣፋጭ_ነገር

ሳህኑ ፍሪጅ ገባ። ሶስት ኬክ ሶስት ፑዲንግ ሁለት ክሬም ሆነ፣ የላዩ ክሬም ለነገ። ቼሪ የለኝም ባለ ፍሬ ግን ራስበሪ በረዶ የሆነ አለኝ፣ እሱን ልጠቀም?

ባለ_ፍሬ

ከላይ አታርጊው ሲቀልጥ ይለሰልሳል ይፈሳል። በትንሽ ስኳር አንድ ፈላ አርገሽ አጥልለሽ እንደ ሶስ ለየብቻ አቅርቢው፣ መጠጥ የሌለውም ላይ ይሆናል።

ጣፋጭ_ነገር

በረከቱ ይድረሳችሁ 🙌 አለቀ!! ማለትም ሳህኑ አለቀ። መስመሮቹ ጥርት ብለው ነው የቆሙት፣ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ነው ያነሳው። ፑዲንጉ ማንኪያ ሲገባበት ቀጥ ብሎ ተቆረጠ፣ አልፈሰሰም። መጠጡም አፍንጫ አልመታም፣ መጨረሻ ላይ ነው ጉሮሮ ላይ ሞቅ የሚለው፣ ሊከር ቀማሽ ረሙን ስላስገባህልኝ አመሰግናለሁ። ጽሁፉንም አስቀመጥኩ ለየብቻ ማንኪያ ጋር፣ ከጠበቅኩት በላይ ሰው ነው የብርጭቆውን ያነሳው፣ 8ቱም ወዲያው አለቁ እና ሁለት ሰው ሲፈልግ አጣ። በሚቀጥለው እኩል ነው የምሰራው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለብቻው በትንሽ ሳህን የሰራሁት ባለ መጠጥ ተርፏል፣ ስንት ቀን ይቆያል? በረዶ ቤት ልክተተው?

ሊከር_ቀማሽ

መጠጡ ያቆየዋል ብለሽ እንዳትታለዪ ይሄ ልክ ለዛ አይበቃም። ስንት ሰዓት ውጭ ነበር?

ጣፋጭ_ነገር

ትንሹ ሳህን ከፍሪጅ አልወጣም ጭራሽ።

የኬክ_እናት

እንግዲያው ከተሰራበት ሶስት ቀን ድረስ ብዪው፣ ፍሪጁ 4 ዲግሪና ከዛ በታች ከሆነ። ውጭ ሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ቢሆን ግን ጣዪው ነበር የምልሽ፣ ወተትና እንቁላል ነው። በረዶ ቤት አታስገቢው፣ በስታርች የረጋ ፑዲንግ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል፣ ክሬሙም ይፈርሳል። ማስቀመጥ የሚቻለው የራሰውን ኬክ ለብቻው ነው፣ እሱ መጠጥና ስኳር ስላለው ድንጋይ አይሆንም፣ በደንብ ጠቅልለሽ አንድ ወር ድረስ። በሚቀጥለው ግብዣ አውጥተሽ ፑዲንጉን ብቻ አዲስ ትሰሪያለሽ።

ዝም_ብዬ_ነው

ሶስት ቀን ነው የሚቆየው ካላችሁ እኔ ነገ መምጣት እችላለሁ